ኤችፒቪ እና ኤችአይቪ በአንድ ሰው ላይ፦ የተረጋገጠው፣ የሚያከራክረውና ለምዕራብ ሐረርጌ የሚበጀው

ከኤችአይቪ ጋር የምትኖር ሴት በማህፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ኤችአይቪ ከሌለባት ሴት ስድስት እጥፍ ያህል ይበልጣል። አኃዙ የተገኘው የብዙ አገሮችን ጥናቶች አንድ ላይ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2021 ዘ ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በተባለው መጽሔት ላይ ከወጣ ሥራ ነው። በዚሁ ሥራ ግምት በምሥራቅ አፍሪካ በዚህ ካንሰር ከሚያዙት ሴቶች ከሩብ በላይ የሚሆኑት ኤችአይቪ በደማቸው አለ። ምሥራቅ አፍሪካ የተባለው ግን የኤችአይቪ ሥርጭት ከፍ ያለባቸውን እነዛምቢያንና ዚምባብዌን ጭምር ስለሚይዝ፣ ሩብ የሚለው ለኢትዮጵያ እንዳለ አይወሰድም። ስድስት እጥፍ የሚለው ግን የአንዲትን ሴት ዕድል የሚናገር በመሆኑ በምዕራብ ሐረርጌ በጭሮ፣ በበደሳና በገለምሶ ላለችውም ይሠራል።

የካንሰሩ መነሻ ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ ወይም በአጭሩ ኤችፒቪ ነው። ሁለቱ ቫይረሶች መደጋገፋቸው ዛሬ የሚያከራክር ጉዳይ አይደለም። የሚያከራክሩት ከዚያ ወዲያ ያሉት ናቸው። የፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት ብቻውን ካንሰሩን ያስቀራል? የትኛው ምርመራ ይሻላል? የትኛው ሕክምና? ክትባቱስ ስንት ዶዝ? መልሶቹ በአብዛኛው የመጡት ከኬፕታውን፣ ከናይሮቢና ከአሜሪካ ትልልቅ ሆስፒታሎች ነው። በደሳ ግን የኦዳ ቡልቱም ወረዳ ከተማ ስትሆን ከጭሮ (አሰበ ተፈሪ) ወደ ገለምሶ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የቡናና የጫት ገበያ ናት። ከዚያ ለካንሰር ሕክምና የሚላክ ሰው ሐረር ወደሚገኘው ሕይወት ፋና ሆስፒታል ወይም አዲስ አበባ ወደ ጥቁር አንበሳ ይሄዳል። ናይሮቢ ላይ የተረጋገጠ ነገር እዚህ ሲደርስ ምን ያህሉ እንደሚጸና መመርመር ያስፈልጋል።

የኢትዮጵያ ኤችአይቪ በዋናነት የከተማ መሆኑም መረሳት የለበትም። በአገር ደረጃ ሥርጭቱ ከመቶ አንድ ገደማ ነው። በ2010 ዓ.ም. በከተሞች ብቻ በተካሄደው የዳሰሳ ጥናት ግን ከ15 እስከ 64 ዓመት ካሉት 3 በመቶው ቫይረሱ ተገኝቶባቸዋል፤ በሴቶች 4.1፣ በወንዶች 1.9 በመቶ። ከአዋሽ ሽቅብ ወደ ሐረር የሚሄደው አውራ ጎዳና የሚያልፍባቸው ሚኤሶ፣ ጭሮና ሂርና፣ ከእሱ የሚገነጠሉት እነበደሳም ጭምር፣ ሲታሰቡ የገጠሩን ዝቅተኛ አኃዝ ይዞ መዘናጋት አይገባም።

ሁለቱ ቫይረሶች እንዴት ተገናኙ

እ.ኤ.አ. በ1983 ፓሪስ በሚገኘው የፓስተር ኢንስቲትዩት ፍራንስዋዝ ባሬ-ሲኑሲና ሉክ ሞንታኒዬ ኋላ ኤችአይቪ የተባለውን ቫይረስ ለዩ። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው ሃራልድ ዙር ሃውዘን ከማህፀን በር ካንሰር ናሙና ኤችፒቪ 16ን፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ኤችፒቪ 18ን አገኘ። እነዚህ ሁለት ዓይነቶች በዓለም ላይ ከሚከሰተው የማህፀን በር ካንሰር 70 በመቶ ያህሉን ያመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሦስቱ ሳይንቲስቶች የሕክምናውን ኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ሽልማቱ አንድ መድረክ ላይ ቢያቆማቸውም ሙያዎቹ ለረጅም ጊዜ ተራርቀው ቆይተዋል። ኤችፒቪ የማህፀንና የካንሰር ሐኪሞች ጉዳይ ነበር፤ ኤችአይቪ የተላላፊ በሽታ ሐኪሞች። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል የማህፀን በር ካንሰርን ኤድስን ከሚያመለክቱ ሕመሞች ተርታ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው፤ ኤድስ ከታወቀ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ። እስከዚያ የሴቶች ሕመም ከዝርዝሩ ውጭ ነበር።

በኢትዮጵያ ኤችአይቪ በደም ናሙና የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ነጻ የፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት መሰጠት እስከጀመረበት እስከ 1997 ዓ.ም. ድረስ አብዛኞቹ ሕሙማን በሳንባ ነቀርሳ፣ በተቅማጥና በአንጎል ኢንፌክሽን ነበር የሚሞቱት። ካንሰር ጊዜ ይፈልጋል፤ ያንን ጊዜ የሰጠው መድኃኒቱ ነው። ለዚህም ነው ችግሩ በኤአርቲ (የፀረ-ኤችአይቪ ሕክምና) ክሊኒኮች ጎልቶ የታየው ሰዎች በሕይወት መቆየት ከጀመሩ በኋላ የሆነው።

ከዚያ የተከተለው ብዙም ያልተነገረ ታሪክ ነው። በኢትዮጵያ የመንግሥት ጤና ተቋማት የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ በስፋት የተጀመረው ከኤችአይቪ ጋር በሚኖሩ ሴቶች ነው። ፓዝፋይንደር ኢንተርናሽናል ከመንግሥት ጋር ሆኖ፣ በአሜሪካ የኤችአይቪ ገንዘብ፣ በተመረጡ ሆስፒታሎች ምርመራና ሕክምናን በአንድ ቀን የመስጠት አሠራር ዘረጋ። ከ2002 መጨረሻ እስከ 2006 ዓ.ም. ከ16 ሺህ የሚበልጡ ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ሴቶች ተመረመሩ። ከአሥሩ አንዷ ቅድመ ካንሰር የሚያመለክት ለውጥ ታየባት፤ በቅዝቃዜ ሊታከሙ ይችላሉ ከተባሉት አብዛኞቹ በዚያው ቀን ታክመው ሄዱ። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ለሆኑ ሴቶች ሁሉ ምርመራን የሚያዝዘው ብሔራዊ መመሪያ የወጣው ከዚያ በኋላ በ2007 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገ ጥናት ያሳየው በዚህ ዕድሜ ካሉት ሴቶች ተመርምረው የሚያውቁት 2.9 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ነበር። በኤችአይቪ ሳቢያ ክሊኒክ የምትመላለሰዋ ሴት፣ በዚህ አንድ ነገር ላይ ብቻ፣ ከጎረቤቷ የተሻለ ዕድል ነበራት።

ኤችአይቪ ኤችፒቪን የሚያግዘው በምን መንገድ ነው

ኤችፒቪ ከ200 በላይ ዓይነት ሲኖረው ካንሰር ማምጣታቸው የተረጋገጠው 12 ያህሉ ናቸው። የግብረ ሥጋ ግንኙነት የጀመረ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል በሕይወቱ አንድ ጊዜ ያገኘዋል። በአብዛኛው ሰውነት በሁለት ዓመት ውስጥ ያጠፋዋል ወይም ዝም ያሰኘዋል። ካንሰሩን የሚያመጣው ሳይጠፋ ለዓመታት የሚቆየው ነው። እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች እንዳይምታቱ መጠንቀቅ ያሻል፦ ቫይረሱ መኖሩ አንድ ነገር ነው፣ ቅድመ ካንሰር ሌላ፣ ካንሰር ደግሞ ሦስተኛ። የመከላከል አቅሟ በተሟላ ሴት ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው ለመድረስ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል። ኤችአይቪ ባልታከመባት ሴት ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊያጥር እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል።

ምክንያቱ በዋናነት ሲዲ4 የተባሉት የመከላከያ ሴሎች መመናመን ነው። ኤችፒቪን የሚጠብቁት እነሱ ናቸው፤ ሲያንሱ ቫይረሱ ይሰነብታል፤ ብዙ ዓይነቶችም በአንድ ጊዜ ይገኛሉ። ከዚህ ተነስቶ የሚመጣው ጥያቄ ግን እስከዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተፈታም። ከኤችአይቪ ጋር በምትኖር ሴት ላይ ዛሬ የታየ ኤችፒቪ አዲስ የያዛት ነው ወይስ ከዓመታት በፊት ገብቶ ተኝቶ የነበረ? እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የአሜሪካ ክትትል ጥናት አቅጣጫ ሰጥቷል። በዚያ ወቅት የግብረ ሥጋ ግንኙነት ከማያደርጉና ሲዲ4 ቁጥራቸው ከ200 በታች ከሆነ ሴቶች ውስጥ 22 በመቶ በሚሆኑት ላይ ቀደም ሲል ያልታየ ኤችፒቪ ተገኘ። ግንኙነት ሳይኖር አዲስ ቫይረስ ሊመጣ ስለማይችል የቀረው አሳማኝ ማብራሪያ ተኝቶ የነበረው ቀና ማለቱ ነው። ምን ያህሉ የቆየ፣ ምን ያህሉ አዲስ እንደሆነ በአንዲት ሴት ላይ የሚለይ ምርመራ ግን የለም።

ነጥቡ ለሳይንስ ሰዎች የተተወ ክርክር ቢመስልም በጭሮና በበደሳ ለትዳር የሚተርፍ ነው። ኤችፒቪ ተገኝቶብሻል የተባለች ሴት ባሏን ትጠረጥራለች፤ ባሏም እሷን። ከአንድ በላይ ሚስት ባለበት ቤት ጥርጣሬው ከሁለት ሰው አልፎ ይሄዳል። ሁለቱም ለዓመታት ተማምነው ኖረው ቢሆን ውጤቱ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የኤችፒቪ ውጤት የሚናገር ጤና ባለሙያ፣ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም፣ ይህ የውስልትና ማስረጃ እንዳልሆነ ውጤቱን ከመናገሩ ጋር አያይዞ ማስረዳት አለበት። ከማንኛውም መሣሪያ በፊት ሊሟላ የሚገባው ይህ ይመስለኛል፤ ትዳሯ የተናወጠ ሴት ለቀጣዩ ቀጠሮ አትመጣምና።

ግንኙነቱ በተቃራኒው አቅጣጫም ይሠራል። ኤችፒቪ ያለበት ሰው በኤችአይቪ የመያዝ ዕድሉ እጥፍ ገደማ መሆኑን የተለያዩ ጥናቶች ድምር አሳይቷል። በብልት ሽፋን ላይ የሚሰበሰቡት የመከላከያ ሴሎች ለኤችአይቪ በር ይከፍታሉ የሚል ማብራሪያ ይቀርባል። ሁለቱም በአንድ መንገድ የሚተላለፉ በመሆናቸው ግን የጋራው መንገድ ያመጣውንና ቫይረሱ ራሱ ያመጣውን መለየት ከባድ ነው፤ ይህን ማስረጃ ከሌላው ላላ አድርጎ መያዝ ይሻላል።

መድኃኒቱ ብቻውን ይበቃል?

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የጥናቶቹ ውጤት እርስ በርሱ የሚጋጭ ነበር። አንዱ መድኃኒቱ የቅድመ ካንሰር ለውጥን ይቀንሳል ሲል ሌላው ምንም ልዩነት አላየሁም ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ዘ ላንሴት ኤችአይቪ ያወጣው ሰፊ ግምገማ ሚዛኑን ወደ አንድ ወገን አዘነበለው፦ መድኃኒት የሚወስዱ ሴቶች አደገኛ ኤችፒቪ የሚገኝባቸው በመጠኑ ባነሰ ቁጥር ነው፤ የቅድመ ካንሰር ለውጡም ወደ ከፋ ደረጃ የመሄድ ዕድሉ ይቀንሳል።

ተቃራኒውን የሚያነሱ ግን መሠረት የላቸውም ማለት አይቻልም። አንዴ የኤችፒቪ ዘረ-መል ከሴሉ ዘረ-መል ጋር ከተቀላቀለ በኋላ የመከላከል አቅም ቢመለስም ለውጡን ላያቆመው ይችላል። ዕድሜም ይረዝማል፤ ካንሰሩም የሚያስፈልገውን ዓመት ያገኛል። የሁለቱን ወገን ማስረጃ የሚያስታርቀው ጊዜ ይመስለኛል። ሲዲ4 ሳይወርድ የተጀመረ መድኃኒት በእጅጉ ይጠቅማል፤ ከወረደ በኋላ የተጀመረ የጠፋውን ሁሉ አይመልስም።

ይህ በኢትዮጵያ የተለየ ትርጉም አለው። በ1997 ዓ.ም. እና ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት መድኃኒት የሚጀመርላቸው ሲዲ4 ከ200 በታች የወረደባቸው ነበሩ። መለኪያው ቀስ በቀስ ወደ 350፣ ከዚያ ወደ 500 ከፍ አለ፤ ኋላም ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ ወዲያው እንዲጀምር ተወሰነ። ስለዚህ ረጅሙን ዘመን መድኃኒት ላይ የቆዩት፣ ዛሬ አርባና አምሳ ዓመት የሞላቸው ሴቶች፣ ረጅሙን ጊዜ በተዳከመ መከላከያ ያሳለፉት ናቸው። በክሊኒኩ መዝገብ ግን የተረጋጉ ታካሚዎች ይባላሉ፤ ቫይራል ሎዳቸው (በደም ውስጥ ያለው የቫይረሱ መጠን) ዝቅ ያለ ነው፤ የስድስት ወር መድኃኒት አንድ ጊዜ ይወስዳሉ። ይህ ቀጠሮን የማራራቅ አሠራር ከሩቅ ቀበሌ ለምትመጣ ሴት ትልቅ እፎይታ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ለኤችፒቪ ክትትል ይበልጥ የሚያስፈልጋትን ሴት ከነርሷ ጋር በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚያገናኝ ሆኗል። ከሁለቱ አንዱ ቀን የማህፀን በር ምርመራ ካልተያዘበት ዓመቱ እንዲሁ ያልፋል።

በዓይን ማየት ወይስ የቫይረሱን ዘረ-መል መፈለግ

በኢትዮጵያ ጤና ተቋማት የተለመደው ቪአይኤ የሚባለው ነው። በማህፀን በር ላይ ከኮምጣጤ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ አሲድ ተቀብቶ የሚነጣ ቦታ መኖሩ በዓይን ይታያል። ርካሽ ነው፤ ኤሌክትሪክ አይጠይቅም፤ ውጤቱ በደቂቃዎች ይታወቃል። ድክመቱም እዚያው ነው፦ በመርማሪዋ ዓይንና ልምድ ላይ ይመሠረታል፤ የወር አበባቸው በቆመ ሴቶች ላይ ደግሞ ለውጡ የሚነሳበት ቦታ ወደ ውስጥ ስለሚገባ አስተማማኝነቱ ይቀንሳል።

የኤችፒቪ ዘረ-መል ምርመራ ቫይረሱን ራሱን ይፈልጋል። በኬፕታውን ኻየሊትሻ በተካሄደ ሙከራ ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ሴቶች በኤችፒቪ ምርመራ ተለይተው ሲታከሙ ከፍተኛ ደረጃ ቅድመ ካንሰር በሦስት ዓመት ውስጥ በ80 በመቶ ቀነሰ፤ በቪአይኤ ተለይተው ሲታከሙ በግማሽ ገደማ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሌላ ችግር ግን አስከተለ፦ ከኤችአይቪ ጋር በሚኖሩ ሴቶች ኤችፒቪ በጣም የተለመደ ስለሆነ ተገኘባቸው የተባሉትን ሁሉ ማከም ሕክምና የማያስፈልጋቸውን ብዙ ሴቶች ማከም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ሁለቱን የሴቶች ክፍሎች ለያይቶ ያስቀመጠው በዚህ የተነሳ ነው። ለጠቅላላው ሴት ምርመራው ከ30 ዓመት ጀምሮ በየ5 እስከ 10 ዓመቱ ነው፤ ኤችፒቪ ከተገኘም በቀጥታ ማከም ይቻላል። ከኤችአይቪ ጋር ለምትኖር ሴት ግን ከ25 ዓመት ጀምሮ በየ3 እስከ 5 ዓመቱ ሲሆን፣ ኤችፒቪ ከተገኘ ከሕክምና በፊት ማጣሪያ የሚሆን ሁለተኛ ምርመራ ይደረጋል።

በወረቀት ላይ ትክክል የሆነው ሁለተኛ ምርመራ መንገድ ላይ የሚያስከፍለው ዋጋ አለ። የመጀመሪያው የፓዝፋይንደር አሠራር ጥንካሬ ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ማለቁ ነበር። ናሙናው ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ውጤቱ በሳምንታት የሚመለስ ከሆነ፣ ከበደሳ ዙሪያ ገጠር ለምትመጣ ሴት ሁለተኛ የትራንስፖርት ገንዘብ፣ ሁለተኛ የሥራ ቀን፣ ምናልባትም ሁለተኛ የባል ፈቃድ ማለት ነው። መውጫ መንገድ ግን አለ። ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ በየሆስፒታሉ የገባው ጂንኤክስፐርት ማሽን ኤችፒቪንም በአንድ ሰዓት ገደማ ይለያል፤ ዓይነቶቹንም በቡድን ከፋፍሎ ያሳያል። ከ16፣ ከ18ና ከ45 ጋር የተያያዘውን ብቻ ወይም ከነሱ በመቀጠል አደገኛ የሆኑትን ጨምሮ ማከም አላስፈላጊ ሕክምናን እንደሚቀንስ የሚከራከሩ አሉ፤ የት ላይ መስመር ይሰመር የሚለው አልተቆረጠም። በአፍሪካ ሴቶች ካንሰር ላይ ትኩረት የሚሻው ኤችፒቪ 35 በየትኛውም ገበያ ላይ ባለ ክትባት ውስጥ አለመኖሩም መስመሩን ሲያሰምሩ መታሰብ አለበት።

ሌላው መንገድ ሴቲቱ ራሷ ናሙና እንድትወስድ ማድረግ ነው። በቡታጅራ በተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ሙከራ ራሳቸው ናሙና እንዲሰጡ ከተጋበዙት 84 በመቶው፣ ለቪአይኤ ከተጋበዙት ደግሞ 50 በመቶው ምርመራውን ፈጸሙ። ጥናቱ ያተኮረው በጠቅላላው ሴት ላይ ነው እንጂ ኤችአይቪ ባለባት ላይ አይደለም። ይሁን እንጂ በወንድ ባለሙያ መመርመር ለሚያሳፍራት፣ ወይም በግርዛት ምክንያት የውስጥ መመርመሪያ መሣሪያ ለሚያሳምማት ሴት ልዩነቱ ከዚህም ሊሰፋ ይችላል። በሐረርጌ ሁለቱም ምክንያቶች እውነተኛ ናቸው። ከሁሉ የምመርጠው፣ ሴቲቱ መድኃኒቷን ለመውሰድ በመጣችበት ቀን ራሷ የምትሰጠው ናሙና እዚያው ማሽን ላይ ገብቶ፣ ከተገኘባት ያን ዕለት ረፋድ በዓይን ታይታ የምትታከምበትን ነው። ቪአይኤ ማጣሪያ ሲሆን የራሱ ድክመት አብሮት እንደሚመጣ ግን መሸሸግ አይቻልም።

ታክማ ከሄደች በኋላ

የአብዛኛው ውይይት ጉልበት የሚያልቀው በምርመራው ላይ ነው። ከኤችአይቪ ጋር ለምትኖር ሴት ግን ከባዱ ከሕክምናው በኋላ ያለው ነው። በናይሮቢ 400 ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ሴቶች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሙከራ ሁለቱን ዋና ሕክምናዎች አወዳደረ፤ ክራዮቴራፒን ማለትም በቅዝቃዜ ማቃጠልን፣ ከሊፕ ማለትም በኤሌክትሪክ ሽቦ ቆርጦ ከማውጣት ጋር። በሁለት ዓመት ውስጥ ከፍተኛ ደረጃ ለውጥ የተመለሰባቸው በክራዮቴራፒ ከታከሙት 30 በመቶ፣ በሊፕ ከታከሙት 19 በመቶ ናቸው።

ከዚህ ሁለት ትምህርት ይወሰዳል፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የመጀመሪያው ብቻ ነው፦ ሊፕ ይሻላል የሚለው። ሊፕ ግን አስተማማኝ ኤሌክትሪክ፣ የሠለጠነ ሐኪምና የተቆረጠውን ሥጋ የሚመረምር የፓቶሎጂ ባለሙያ ይፈልጋል። ሁለተኛው ትምህርት በተሻለው ሕክምና እንኳ ከአምስት ሴቶች አንዷ ገደማ ላይ ችግሩ መመለሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከታከመች በ12 ወር፣ ከዚያም እንደገና በ12 ወር እንድትታይ የሚያዘው ለዚህ ነው። በአንድ ቀን መርምሮ በአንድ ቀን ማከም ሴቶችን ወደ አገልግሎቱ ለማምጣት የተመረጠ መንገድ ነበር፤ ኤችአይቪ ላለባት ሴት ግን መጨረሻ ተደርጎ ከተወሰደ ያስታል። ታክመሻል፣ ጨርሰሻል ከተባለች በኋላ በዓመቱ ለምን ትምጣ?

የሕክምና መሣሪያው ጉዳይ በመጠኑ ቀሏል። ክራዮቴራፒ የጋዝ ሲሊንደር ይፈልጋል፤ ጋዙ ሲያልቅ ክፍሉ ይዘጋል። በሙቀት የሚሠራው አዲሱ መሣሪያ ጋዝ ስለማይፈልግ ለጤና ጣቢያ ይመቻል። ለሙቀቱ ሕክምና ኤችአይቪ ባለባቸው ሴቶች ላይ ያለው የረጅም ጊዜ ማስረጃ ግን ገና ከክራዮቴራፒው ያነሰ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለውም ከክትትሉ አይለይም። የአሜሪካው ፔፕፋር ከኤችአይቪ ጋር ለሚኖሩ ሴቶች የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ የከፈተውን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2020 ኢትዮጵያን ጨምሮ አስፋፍቶ ነበር። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታን ማገዱ ይህን የመሰለ ሥራ ምን ያህል በአንድ ምንጭ ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር አሳየ። የኤችአይቪ መድኃኒት ሲጓደል ሁሉም ይጮኻል። የዓመቱ የማህፀን በር ቀጠሮ ሲጓደል ግን ድምፅ የለውም፤ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ደም የሚፈሳት ሴት ሐረር ስትደርስ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ሕክምናው ጨረርና ኬሞቴራፒ ይሆናል።

ወንዶቹስ?

በወንዶች ላይ ያለው ማስረጃ በአመዛኙ ከውጭ ነው። ኤችፒቪ የብልት፣ የፊንጢጣና የጉሮሮ ካንሰር ያመጣል፤ ኤችአይቪ ባለበት ወንድ ዕድሉ ይጨምራል። በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ ራካይ የተካሄዱ ሙከራዎች ግርዛት በወንዶች ላይ የሚገኘውን አደገኛ ኤችፒቪ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ምዕራብ ሐረርጌ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚገረዝበት አገር በመሆኑ ይህ ጥቅም ቀድሞ የተገኘ ነው፤ አዲስ ዘመቻ አያስፈልገውም። የፊንጢጣ ቅድመ ካንሰርን ማከም ካንሰሩን በ57 በመቶ እንደሚቀንስ በአሜሪካ አንከር የተባለው ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2022 አረጋግጧል፤ የተሳተፉትም ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ 35 ዓመት የሞላቸው ወንዶችና ሴቶች ናቸው። ምርመራው የሚጠይቀው መሣሪያና ሥልጠና ለጊዜው ከአገራችን አቅም ውጭ ነው። የፊንጢጣ መድማትን ወይም እብጠትን ኪንታሮት ነው ብሎ ሳያዩ ከማሰናበት መቆጠብ ግን ዛሬም ይቻላል።

ክትባቱ፦ አንድ ዶዝ፣ ሁለት ወይስ ሦስት

ኢትዮጵያ የኤችፒቪ ክትባትን በጅማ ዞን ጎማና በትግራይ አህፈሮም ወረዳዎች ሞክራ በኅዳር 2011 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ጀመረች። ክትባቱ 16ን፣ 18ንና የብልት ኪንታሮት የሚያመጡትን 6ና 11ን የሚከላከል ነበር፤ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በስድስት ወር ልዩነት ሁለት ዶዝ ይሰጥ ነበር። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉ ከ7 ሚሊዮን በላይ ልጃገረዶችን ያሰበ ዘመቻ ተካሄደ፤ በዚህ ጊዜ አንድ ዶዝ ብቻ።

ለአንድ ዶዝ የሚቀርበው ማስረጃ ጠንካራ ነው። በኬንያ ኬን ሺ የተባለው ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ውጤት አንድ ዶዝ በ16ና በ18 ላይ ከ97 በመቶ በላይ መከላከያ ሰጥቷል። አንድ ዶዝ ማለት በአንድ ዋጋ ሁለት ልጆች ማለት ነው። በመስከረም የተመዘገበች ልጅ በመጋቢት ትዳር ውስጥ ልትሆን በምትችልበት አካባቢ ሁለተኛ ዶዝ ይዞ መጠበቅ ብዙዎቹን ማጣት እንደሆነም ግልጽ ነው። ነገር ግን በኬንያው ሙከራ የተሳተፉት ከ15 እስከ 20 ዓመት ያሉና ኤችአይቪ የሌለባቸው ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 አንድ ዶዝን ሲፈቅድ ከኤችአይቪ ጋር ለሚኖሩ ልጃገረዶች ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ዶዝ እንዲሰጥ የወሰነውም ይህን ክፍተት አይቶ ነው።

አዋቂ ሴቶችን በሚመለከት ተስፋው ቀዝቅዟል። ጆሃንስበርግ ላይ ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ሴቶች ከሊፕ ጋር ክትባት ሲሰጣቸው የለውጡ መመለስ አልቀነሰም። ክትባቱ ያልገባውን ይከላከላል እንጂ የገባውን አያወጣም፤ ለእነሱ የሚሠራው ክትትሉ ነው።

ለልጆቹ ግን ሁለተኛው ዶዝ እንዴት እንደሚደርስ ያልተፈታ ነው። ከኤችአይቪ ጋር የተወለደች የ12 ዓመት ልጅ በትምህርት ቤቷ ከጓደኞቿ ጋር ተሰልፋ አንድ ዶዝ ትወስዳለች። ከታቢው ስለ ደሟ አይጠይቃትም፤ ሊጠይቃትም አይገባም። አንዳንዷ ልጅ ራሷ እንኳ ገና አልተነገራትም። የክትባት ክፍሉ ክትባቱ አለው፤ የትኛዋ ልጅ ተጨማሪ እንደሚያስፈልጋት ግን አያውቅም። ኤአርቲ ክፍሉ ልጅቷን ያውቃታል፤ ክትባት ግን አይዝም። ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ልጆች መድኃኒታቸውን ለመውሰድ በሚመጡበት ቀን ሁለተኛውን ዶዝ እዚያው መስጠት ሚስጥሯንም ይጠብቃል፣ አዲስ ጥናትም መጠበቅ አያስፈልገውም። ጥናት የሚያስፈልገው ለቀጣዩ ጥያቄ ነው፦ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በመድኃኒት ያደገች፣ ቫይራል ሎዷ የማይታይና ሲዲ4 ቁጥሯ እንደማንኛዋም እኩያዋ የሆነ ልጅ ሦስተኛው ዶዝ በእርግጥ ይጨምርላታል ወይስ ሁለቱ ይበቋታል? የቫይረሱ መጠን ገና ላልወረደላት ልጅስ ሦስቱም ለስንት ዓመት ይዘልቁላታል?